አንድም መስመር ሳልቀይር

እህቴን አዋላጇ ሁለተኛ መርፌ እንድትወጋት ያደረግኩት እኔ ነኝ። አዋላጇ ተጠራጥራ ነበር፤ እናቴም «አሁን ነው የወጓት» ብላ ነበር። ሁለቱንም ዝም ያሰኘኋቸው በገዛ እጄ የጻፍኩትን ፕሮግራም አምኜ ነው። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው፣ ነገሩን ሰምቶ ማሽኑን የሚያማ ሰው ስለማይጠፋ ነው።

መካነ ሰላም ውስጥ ኮምፒዩተር አስተምራለሁ። የማስተምርበት ክፍል ውስጥ ካሉት ማሽኖች ግማሾቹ መብራት ሲጠፋ ይሞታሉ፤ ግማሾቹ መብራት ሳይጠፋም ሞተዋል። በትርፍ ጊዜዬ ፕሮግራም እጽፋለሁ። በከተማችን ይህን የሚያደርግ ብዙ ሰው ስለሌለ፣ የጻፍኩት ነገር ሲሠራልኝ አንገቴን ቀና የማድረግ ክፉ አመል አለብኝ። እናቴ ይህን አመሌን በልጅነቴ አይታ «ይቺ ልጅ ያወቀች ቀን ጎረቤት አታስቀምጥም» ትል ነበር።

ከገበያው ከፍ ብሎ አምስት አልጋ ያላት አንዲት የግል የወላዶች ክሊኒክ ነበረች። ባለቤቱ ጤና መኮንን ነው፤ ሁለት አዋላጆች አብረውት ይሠራሉ። አንድ ቀን አስጠርቶ ችግሩን ነገረኝ። እርጉዝ ሴት ደም ግፊቷ ከልክ ሲያልፍ ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል፤ ያ እንዳይመጣባት ማግኒዥየም የሚባል መርፌ በየአራት ሰዓቱ ትወጋለች፤ ከወለደችም በኋላ አንድ ቀን ያህል ይቀጥላል። መርፌው ከዘገየ መንቀጥቀጡ ይመጣል። ሰዓቱ ሳይደርስ ከተደገመ ደግሞ መድኃኒቱ ራሱ ትንፋሽ ያቆማል። አዋላጆቹ ሥራ ሲደራረብባቸው ሰዓቱን እንዳይስቱ የሚያስታውሳቸው ነገር ፈለገ። በሁለት ሳምንት ጽፌ ሰጠሁት። አዋላጇ መርፌውን እንደወጋች አንድ ቁልፍ ትጫናለች፤ ፕሮግራሙ ሰዓቱን ይመዘግብና የሚቀጥለው መርፌ እስኪደርስ የቀረውን ጊዜ ከአልጋው ቁጥር ጎን ያሳያል። ጊዜው ሲያልፍ ይቀላል።

ፕሮግራሙን የጻፍኩት በራሴ ላፕቶፕ ላይ ነው፤ የእኔ የሚሠራው ሊኑክስ በሚባል ሥርዓት ነው። የክሊኒኩ ኮምፒዩተር ደግሞ በዊንዶውስ ነው። ሁለቱ ፋይል የሚያስቀምጡበት መንገድ ይለያያል፤ መስኮት የሚከፍቱበት፣ ሰዓት የሚናገሩበትም እንደዚያው። ለአንዱ የተጻፈ ፕሮግራም በሌላው ላይ ዝም ብሎ አይነሳም። ከዚህ ጣጣ የሚገላግል ላይብረሪ የሚባል ነገር አለ፤ የማላውቃቸው ሰዎች በየአገሩ ሆነው የጻፉት፣ በእኔ ፕሮግራምና በማሽኑ መካከል የሚቆም ኮድ ነው። እኔ «ስንት ሰዓት ነው?» ብዬ ላይብረሪውን እጠይቃለሁ። እሱ ዊንዶውስን በዊንዶውስ ወግ፣ ሊኑክስን በሊኑክስ ወግ ጠይቆ መልሱን በአንድ ዓይነት መልክ ያመጣልኛል። ለጋብቻ በሁለት ቤት መካከል እንደሚመላለስ ሽማግሌ ማለት ነው፤ እያንዳንዱን ቤት እንደ አመሉ ያናግራል። ሽማግሌ ግን የተነገረውን ያደርሳል እንጂ ውሸት ይሁን እውነት አይመረምርም። ይህን ያኔ አላሰብኩትም።

አዋላጆቹ በፕሮግራሙ ቢደሰቱም በኮምፒዩተሩ ሰዓት ይበሳጩ ነበር። ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን እሱ ዘጠኝ ይላል። በእጃቸው ወደ እኛ አቆጣጠር ይመልሱታል፤ ኢንተርኔት ባገኘ ቁጥር ተመልሶ ፈረንጅ ይሆናል። ይህ በየመሥሪያ ቤቱ ያለ ጭቅጭቅ ነው። እኔ ታዲያ ብልጧ፣ ኮምፒዩተሩ ሰዓቱን ከሚከተልላቸው ከተሞች ዝርዝር ውስጥ የአርጀንቲናዋን ቦነስ አይረስን መረጥኩለት። የእነሱ ሰዓት ከእኛው የፈረንጅ ሰዓት በስድስት ወደ ኋላ ስለሚቀር፣ ኮምፒዩተሩ እኛ ሦስት ስንል ሦስት፣ እኛ አራት ስንል አራት ማለት ጀመረ። ግማሽ ደቂቃ አልፈጀብኝም። አዋላጆቹ «ሰው ሁሉ ዓረብ አገር ሲሄድ የእኛ ኮምፒዩተር አርጀንቲና ገባ» እያሉ ሳቁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ እኔ ግን ብልሃቴን በሄድኩበት ሁሉ አወራሁት።

ከብዙ ወራት በኋላ ጤና መኮንኑ ከደሴ አንዲት ያገለገለች ላፕቶፕ አመጣ። የወለዱ ሴቶች ለሚተኙበት ክፍል ነበር። ዊንዶውስ ስለከበዳት ሊኑክስ ጫንኩባትና ከማዋለጃው ኮምፒዩተር ጋር በገመድ አገናኘኋት፤ አንደኛው ላይ የተመዘገበው ሌላው ላይ እንዲታይ። ፕሮግራሙን ከፈትኩት፤ ወዲያው ተነሳ። ጤና መኮንኑ ስንት ቀን እንደሚፈጅብኝ ጠይቆኝ ስለነበር ጠርቼ አሳየሁት። «አንድም መስመር አልቀየርኩም» አልኩት። እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ እንደነበር ትዝ ይለኛል። ላፕቶፗ ላይ የሚነበበውን የፈረንጅ ሰዓት እንዳለ ተውኩት፤ ቦነስ አይረስን ጨርሶ ረስቼዋለሁ። ሙከራም አድርጌያለሁ፤ ላፕቶፗ ላይ መዝግቤ ላፕቶፗ ላይ አየሁ፣ ልክ ነው። አንዱ ላይ መዝግቤ በሌላው አላየሁም።

ሌላም ጥፋት አለ። ሰዓት በቁጥር ባሳይ አንዷ በእኛ፣ ሌላዋ በፈረንጅ አቆጣጠር ታነበዋለች ብዬ ፈርቼ፣ ፕሮግራሙ የቀረውን ወይም ያለፈውን ጊዜ ብቻ እንዲያሳይ አድርጌው ነበር። ስህተቱን ሊያጋልጥ ይችል የነበረውን አንድ ነገር የደበቅኩት ራሴ ነኝ።

ላፕቶፗ በገባች በሦስተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ እህቴን ይዘናት ሄድን። ታናሼ ናት። አራት ዓመት ዓረብ አገር ሠርታ የተመለሰች፣ ባሏ ገና እዚያው ያለ፣ የመጀመሪያ ልጇን የምትጠብቅ። ሌሊቱን ራሴን እያለች ስታቃስት አድራ፣ ሊነጋ ሲል ዓይኔ ጨለመብኝ አለች። ባጃጅ ፈልገን እናቴ ከአንድ ወገን እኔ ከሌላው ደግፈናት ገባን። ጤና መኮንኑ ግፊቷን ለክቶ ፊቱ ተለዋወጠ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የመጀመሪያውን መድኃኒት ሰጧት። ወደ ደሴ መላክ ነበረባት፤ አምቡላንሱ ግን ሌላ ወላድ ይዞ ሄዷል፣ ምጧም አልጠበቀም። ሦስት ሰዓት ላይ ሴት ልጅ ወለደች። እናቴ «አልሃምዱሊላህ» ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች።

አራት ሰዓት ከአምስት ሲል፣ ያዋለደቻት ትልቋ አዋላጅ ቀጣዩን መርፌ በግራ መቀመጫዋ ወጋቻትና የማዋለጃው ኮምፒዩተር ላይ መዘገበች። እኔ በዚያ ሰዓት ጨርቅ ላመጣ ቤት ሄጄ ነበር። ወዲያው ሌላ ምጥ የያዛት ሴት ከወደ አጅባር መንገድ መጣች፤ ትልቋ አዋላጅ እሷን ይዛ በሩን ዘጋች፣ እህቴንም ወደ ማረፊያው ክፍል አዛወሯት። ጤና መኮንኑ ካርዷን ይዞ ወደ ውጭ ወጣ። ኔትወርክ የሚገኘው ከበሩ ውጭ ስለሆነ፣ እዚያ ቆሞ ደሴ ያለ ሐኪም ያማክራል።

ስመለስ አራት ሰዓት ተኩል ነበር። እህቴ ዓይኗን ጨፍና በጀርባዋ ተኝታለች፤ እናቴ ሕፃኗን ታቅፋለች፤ ትንሿ አዋላጅ ላፕቶፗ ፊት ቆማለች። የእህቴ አልጋ ቁጥር ቀልቷል። ሁለት ሰዓት ከሃያ አምስት ደቂቃ አልፏል ይላል።

«ምነው ይሄን ያህል?» አለች ልጅቱ። «እሷ እኮ ሰዓት አትረሳም።»

«ምጥ ላይ ስለነበረች ተዘሏት ይሆናላ» አልኳት። እህቴ ዓይኔ ፊት ስትንቀጠቀጥ ይታየኛል።

«ካርዷን ልየው።»

«ካርዱ ውጭ ነው። እየዘገየ ነው እኮ።»

እናቴ ከጥግ «ኧረ ወላሂ አሁን ነው የወጓት» አለች። «ይኼው፣ የጫንኩላት ጥጥ እንኳ ደሙ አልደረቀም።»

«እማ፣ ያ የጠዋቱ ነው።»

«የጠዋቱስ ጠዋት ነበር። ይኼ አሁን ነው፣ ልጄ።»

ትንሿ አዋላጅ እናቴን አየቻት፣ እኔን አየችኝ። «እናቴ፣ እርግጠኛ ነዎት?» አለቻት በአክብሮት። እናቴ ልትመልስ አፏን ስትከፍት ቀደምኳት።

«ማሽኑ አይሳሳትም» አልኩ። «የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ክፍል እስከ ማዋለጃው በር አሥር እርምጃ ነው። አንኳኩቼ «ወግተሻታል ወይ?» ብል በአንድ ቃል ያልቅ ነበር። ጣቴን አጥፌ ብቆጥርም ይበቃኝ ነበር። በየአራት ሰዓቱ የሚሰጥ መርፌ ሁለት ሰዓት ከሃያ አምስት ካለፈው፣ የመጨረሻው የተወጋው ከስድስት ሰዓት ከሃያ አምስት ደቂቃ በፊት ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ እህቴ ገና ቤቷ ሆና ራሴን እያለች ነበር፤ ማንም መርፌ አልወጋትም። ይህን ስሌት አሥረኛ ክፍል ተማሪዎቼን ብጠይቅ ይመልሱታል።

ልጅቱ የሚገባትን ሁሉ አደረገች። መድኃኒቱ ሲበዛ እግር መዝለሉን ያቆማልና፣ የእህቴን ጉልበት በመዶሻ መታ አድርጋ እግሯ መዝለሉን አየች፤ ትንፋሿን ቆጠረች፣ አሥራ ስምንት ነው። ሽንቷንም አየች። ከዚያ በቀኝ መቀመጫዋ ወጋቻት። ቁልፉን ተጫነች፤ ቀዩ ጠፋ። እፎይ አልኩ። እናቴ አንገቷን ደፍታ ሕፃኗን እሹሩሩ ማለት ጀመረች።

ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ትልቋ አዋላጅ እጇን እየጠረገች ገባች። እህቴ ላይ ጎንበስ ብላ ጠራቻት፤ እህቴ አልመለሰችም። ጉልበቷን መታች፤ እግሯ አልተንቀሳቀሰም። ደግማ መታች። ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ።

«ከእኔ በኋላ መርፌ ተሰጥቷታል?»

ትንሿ አዋላጅ ወደ ላፕቶፗ ዞረች። «አራት ተኩል ላይ... ቀልቶ ነበር።»

«እኔ አራት ሰዓት ከአምስት ላይ ወግቻታለሁ። መዝግቤያለሁ።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ቀስ ብሎም አልመጣም። ቦነስ አይረስ የምትለው ቃል እንዳለች ፊቴ ላይ መጣች። ማዋለጃው ውስጥ ያለው ማሽን አራት ሰዓት ብሎ ጻፈ፤ ይቺኛዋ ያንን አራት ከራሷ የፈረንጅ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ቀነሰች። ላይብረሪው ሁለቱንም በታማኝነት ጠይቆ የነገሩትን አመጣ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይሉ የለ፤ የምትመነጠረው ግን እኔ ሳልሆን እህቴ ነበረች። የአልጋውን ብረት ያዝኩ።

ጤና መኮንኑ እየሮጠ ገባ። ማንንም አልተቆጣም፤ ለዚያ ጊዜ አልነበረውም። ኦክስጅኑን ራሱ ጎትቶ አመጣና አፍንጫዋ ላይ አደረገላት። ትንፋሽ ሲያቆም በእጅ የሚጨመቀውን ላስቲክ ለትንሿ አዋላጅ ሰጥቶ «በተጠንቀቅ ያዢው» አላት። ለትልቋ ካልሲየም እንድታዘጋጅ ነገራት፤ ማግኒዥየሙን የሚመልሰው እሱ ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺ ትንፋሿን ቁጠሪ። ደቂቃ በደቂቃ። ጮክ ብለሽ።»

ስልኬን አውጥቼ እጄን ደረቷ ላይ አደረግኩ። መጀመሪያ አሥራ ሁለት። ቀጥሎ አሥር። ካልሲየሙ በደም ሥር ነው የሚሰጠው፤ ቶሎ ከተገፋ ልብ ያቆማል፣ ስለዚህ አሥር ደቂቃ ይፈጃል። ጤና መኮንኑ መርፌውን የሚገፋው የሚገፋ በማይመስል ሁኔታ ነው። እኔ «ፍጠን» ልለው እፈልጋለሁ፤ ካደረግኩት በኋላ ግን ማንንም የማዘዝ መብት እንደሌለኝ አውቄያለሁ። ዘጠኝ አልኩ። እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ በሹክሹክታ ከቁርኣን ያሲንን ትቀራለች፤ ትንሿ አዋላጅ ላስቲኩን ይዛ «እመቤቴ፣ እመቤቴ» ትላለች። ስምንት አልኩ። በሁለት ትንፋሽ መካከል ያለው ዝምታ እየረዘመ ሄደ፤ እያንዳንዱ ዝምታ የመጨረሻው መሰለኝ። በውስጤ ለአላህ የማይገባ ቃል ሁሉ ገባሁለት። ደግሜ ኮድ አልጽፍም አልኩ፣ እጄን ውሰድ አልኩ።

ስምንት። ስምንት። ዘጠኝ ስል ጤና መኮንኑ ቀና ብሎ አየኝ፤ የዋሸሁ መስሎት ይሁን እንጃ፣ ጎንበስ ብሎ ራሱ ቆጠረ። ዘጠኝ ነው። ከዚያ አሥር። አሥራ ሁለት። እህቴ ግንባሯን ቋጠረች፣ ሕመም የተሰማት ሰው እንደሚቋጥረው። ጉልበቷን ሲመታት እግሯ ነቅነቅ አለ። ትልቋ አዋላጅ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች። እኔ ግን አላለቀስኩም፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ፣ በቃሽ ሲሉኝም አላቆምኩም።

በማግስቱ ሁለቱንም ማሽኖች አጠፋሁና ወደ ቤት ወሰድኳቸው። ማረሚያው ትንሽ ነበር። እያንዳንዱ ማሽን የሚለውን ሰዓት እንዳለ ከመመዝገብ ይልቅ፣ በዓለም ዙሪያ አንድ የሆነውን ሰዓት መዝግብ ማለት ነው። ላይብረሪው ይህንንም ያውቃል፤ የጻፉት ሰዎች በመመሪያው ላይ አስጠንቅቀው ነበር፣ አንብቤም አልፌዋለሁ። ጤና መኮንኑ ግን ማሽኖቹ እንዲመለሱ አልፈለገም። «እኔም ካርዱን ይዤ መውጣት አልነበረብኝም» አለኝ፣ ጥፋቱን ሊካፈለኝ። ግድግዳው ላይ ጥቁር ሰሌዳ ሰቅለው በጠመኔ መጻፍ ጀመሩ። ለእናቴ ጤና መኮንኑ «መድኃኒቱ ትንሽ በዝቶባት ነበር» ብሎ ነግሯታል፤ ከዚያ በላይ አልጠየቀችም።

እህቴ በአራተኛው ቀን ቤት ገባች። አራስ ጠያቂው ገንፎውን በልቶ ለእናቴ «እንዴት ተረፈች?» ሲላት፣ እናቴ ምስጋናውን ለእኔ ትሰጣለች። «ይቺ ልጄ ናት» ትላለች። «እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ትንፋሿን እየቆጠረች አላህ መለሰልኝ። ሐኪሙ እንኳ ተገርሟል።» ሴቶቹ ይመርቁኛል። አንዷ ከወረኢሉ የመጣች ዘመዳችን እጄን ስማኛለች። ልናገር እላለሁ፤ የእናቴን ፊት አያለሁ፤ ሳህን ይዤ ወደ ጓዳ እገባለሁ። «አሁን ነው የወጓት» ያለችውን ረስታው ነው ወይስ ለእኔ ብላ የተወችው? ዛሬም አላውቅም። ምርቃቱ ሲበዛብኝ ሥራ አለኝ እያልኩ ከቤት መውጣት ጀመርኩ።

በአቂቃው፣ በሕፃኗ የስም ማውጫ ድግስ ማግስት ከሰዓት በኋላ ሰው ሁሉ ሄዶ እኔና እህቴ ብቻ ቀረን። ሕፃኗን እያጠባች ነው። በሩን ዘግቼ አጠገቧ ተቀመጥኩና «ያን ቀን ስለተወጋሽው መርፌ የምነግርሽ ነገር አለ» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለችኝ።

ማን እንደነገራት ጠየቅኳት። ሕፃኗን ከአንዱ ጡት ወደ ሌላው አዛወረች።

«ማንም አልነገረኝም፣ እታለም» አለች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ የምትጠራኝ እንዲያ ነው። «ሰምቼ ነበር። ዓይኔ አልገለጥ አለኝ እንጂ ሁሉንም እሰማለሁ። እማ ‹አሁን ነው የወጓት› ስትል ሰማሁ። አንቺ ‹ማሽኑ አይሳሳትም› ስትይ ሰማሁ። ‹እውነቷን ነው› ልልሽ ብዬ ምላሴ አልታዘዝ አለኝ። እጄን አነሳሁልሽ።»

«እጅሽን?»

«አንስቼ ይዤልሽ ቆየሁ፣ እስኪደክመኝ። አንቺ እሱን ነበር የምታይው።»

አልተቆጣችም፤ ያን የምትለው ስለ አየር ሁኔታ እንደምታወራ ሆና ነው። ቀጥላም ውሃ እንዳቀብላት ጠየቀችኝ፤ አቀበልኳት። ያነሳችውን እጅ ለማስታወስ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ብዙ ሞክሬያለሁ። ከዚያች ደቂቃ የማስታውሰው ቀዩን ቀለም ብቻ ነው።